መቀስ ያልነካው ጸጉር

«አበጠርኳት እንጂ፣ እማዬ! ዛሬም አበጠርኳት።»

ሳቢር ይህን ሲል ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ቀርቅሮ፣ በሁለት እጁ ከበሮውን እየደበደበ፣ ዓይኑን ግቢው ውስጥ ያለው የዘይቱን ዛፍ ላይ ተክሎ ነበር። ዛፉ ላይ የስድስት ዓመት እህቱ ዙሊ ተቀምጣ ጥሬ ዘይቱን ትገምጣለች። ጸጉሯን ከሩቅ ያየ ሰው አንዲት ትልቅ ወፍ ጎጆ ሠርታ የሄደች ይመስለዋል። ከኋላ የዶሮ ላባ ተሰክቶበታል። ከጎን ደረቅ ቅጠል አለበት። አናቱ ላይ ደግሞ አንዲት ጉንዳን ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ ከትናንት ጀምሮ መውጫው የጠፋት ትመስላለች።

«በደንብ ነው ያበጠርካት?» አለች እናቱ። ታላላ ከተማ ማንጎ ከሚያሽጉት ሴቶች ጋር ለሥራ ከሄደች ሁለት ሳምንት ሊሞላት ነው። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ትደውላለች።

«በደንብ ነዋ! እንዲያውም ከውስጡ ምን እንዳወጣሁ ብነግርሽ አታምኚኝም። አምና የጠፋብንን ማንኪያ!»

እናቱ ከት ብላ ሳቀች። ስልኩን ለሌሎቹም ከፍታላቸው ነበር መሰል፣ ከጀርባዋ ሦስት አራት ሴቶች አብረው ሳቁ።

«ማንኪያውን ብቻ?»

«ሹካው ገና ነው። ነገ እቆፍራለሁ።»

«አንተ ቀጣፊ! በል ስማኝ፤ ሐሙስ እመጣለሁ። ቅዳሜ ወደ ወሊዩ መቃብር የምንወጣበት የዚያራ ቀን ነው። የጸጉሯን ነገር አደራ።»

«አደራሽ በራሴ ላይ!»

«በራስህ ላይ ቢሆንማ ምን አሳሰበኝ። በእሷ ራስ ላይ ነው» አለችና ዘጋችው።

ሳቢር ከበሮውን አቆመ። ቀኑ ሰኞ ነበር። በጣቱ ቆጠረ፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። እንደገና ቆጠረ። ያው ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕንድ አገር፣ ጊር ጫካ ዳር ባለችው በዚህች ከአፍሪካ የመጡ ሰዎች ዘር የሆኑት የሲዲዎች መንደር የሰው ጸጉር ከርዳዳ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጎረቤቶች ጸጉር እንደ ዝናብ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሲዲዎቹ እንደ ጭስ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ ለሚወጣ ነገር ደግሞ ጠባቂ ያስፈልገዋል። እናታቸው ስትሄድ ሥራውን አንድ በአንድ ነግራው ነበር፤ ዓርብ ዓርብ ይታጠባል፣ በየሁለት ቀኑ ዘይት ይቀባል፣ ማታ ማታ ይጎነጎናል፣ ስትተኛ በሻሽ ይጠቀለላል። ሳቢር የመጀመሪያውን ቀን ግማሹን ሠርቶ ግማሹን ለነገ አሳደረው። ነገ ሲመጣ እንደገና አሳደረው። በዚያራው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከትልልቆቹ ጋር ከበሮ እንዲመታ አባቱ ፈቅዶለታል፤ አባቱም ከጭፈራ ቡድኑ ጋር በየሆቴሉ እየዞረ ስለሆነ ግቢው ውስጥ የሚቆጣጠር አልነበረም። ነገ ሲባል ነገ ሲባል አሥራ ሁለት ቀን ሆነ።

የዙሊ ጸጉር ደግሞ እንዲሁ ጸጉር ብቻ አልነበረም። ዙሊ ገና የጥቂት ወር ሕፃን ሳለች ትኩሳት ጥሏት ነበር። እናታቸው ልጅቷን በሻሽ ጠቅልላ፣ ሳቢርን በእጇ ይዛ፣ ኮረብታው ላይ ወዳለው የወሊዩ መቃብር በአውቶቡስ ወጣች። እዚያ ተሳለች። ልጄን ከተውክልኝ ስድስት ዓመት እስኪሞላት መቀስም ምላጭም አይነካትም፤ ያን ጊዜ አምጥቼ አንዲት ሳትጎድል አንተ ደጅ ላይ አስላጫታለሁ አለች። ሳቢር ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር። እናቱ ሰው ፊት ስታለቅስ ያየው በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ብቻ ነው። ዙሊ ዳነች። ጸጉሯም እነሆ ስድስት ዓመት አደገ፤ ቅዳሜ ቀኑ ነው።

«ዙሊ! ውረጂ!»

«ልታበጥረኝ ነው?»

«አይደለም። አንድ ነገር ላሳይሽ ነው።»

«ትዋሻለህ። ኪስህ ውስጥ ሚዶ አለ፤ ጥርሱ ይታያል።»

ለማውረድ ዛፉን መውጣት ነበረበት። አውርዶ ደረጃው ላይ አስቀመጣትና የኪስ ሚዶውን አወጣ። ሚዶው የራሱ ነው፤ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ፣ አጭር ጸጉሩን ለማሳመር ከሱቅ የገዛው። በደረቁ፣ ከሥሩ ጀምሮ፣ ወደ ታች ሳበው።

ዙሊ የጮኸችው ጩኸት ጫካው ውስጥ ተኝቶ የነበረ አንበሳ ቀስቅሷል የሚሉ አሉ። የሚሉት ሳቢርና ጓደኛው ኢምቱ ናቸው። ሚዶው ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ፤ ግማሹ እጁ ላይ ቀረ፣ ግማሹ እዚያው ሰጥሞ ጠፋ። ዙሊ ዞራ ክንዱን ነከሰችው።

«ውይ! ውሻ ነሽ እንዴ?»

«እማዬ እንደዚህ አታደርግም!»

ሳቢር ክንዱን እያሸ የማጅራቷን ጸጉር ከፍ አድርጎ አየ። ዙሊ እነዚህን ቀናት ወንዝ ውስጥ ስትዋኝ፣ ማንጎው ሥር ሣር ላይ ስትንከባለል ነው የከረመችው። ጭጎጎት ገብቶበት፣ ጸጉሩ ጭጎጎቱን ጠምጥሞ፣ ጠምጥሞ ከላይ ደርቆ፣ ማጅራቷ ላይ ዘጠኝ ጠጠር የሚያህሉ ጓሎች ተሰልፈዋል። አንዱን ሊፈታ ሞከረ። ድንጋይ ቢሆን ይሻል ነበር።

ኢምቱ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። ኢምቱ ጎረቤትም፣ የክፍል ጓደኛም፣ የችግር አማካሪም ነው። እስካሁን የሰጠው ምክር ሁሉ ከችግር አውጥቶ ወደ ባሰ ችግር ቢያስገባም ከመምከር ቦዝኖ አያውቅም። በጋዜጣ የተጠቀለለ ጋቲያ ይዟል፤ የሽምብራው ሊጥ ከመጥበሻው ገና መውጣቱ ነው፤ ከዘይቱ ብዛት ጋዜጣው መስታወት ሆኖ ወዲያ ማዶ ያሳያል።

«አቦ፣ ይሄ ጸጉር ነው ወይስ ወረዳ?» አለ።

«አትፎግር ኢምቱ። ሐሙስ እናቴ ትመጣለች።»

«ስንት ቀን ሆነህ ካላበጠርካት?»

«አሥራ ሁለት።»

«ለእናትህስ ስንት ቀን አበጠርኳት አልካት?»

«አሥራ ሁለት።»

ኢምቱ በአድናቆት አፏጨ። ጋቲያውን ለዙሊ ሰጥቶ ከኋላዋ ቁጢጥ አለ፤ ከጎን ካለው ደህና ጸጉር አንዲት ቁንዳላ መዘዘና ወደ ታች ሳባት። ወገቧ ጋ ደረሰች። ለቀቃት፤ ተመልሳ ጆሮዋ ጋ ጠቅለል ብላ ተቀመጠች።

«አየህ? ጸጉሩ ራሱ ካንተ የባሰ ውሸታም ነው። ስትስበው እዚህ፣ ስትለቀው እዚያ። ያን ጓል ጓሉን ብትቆርጠው ማን ያውቃል? ሉጫ ቢሆን ኖሮ አንድ ጣት ስትቀንስ ከመንገድ ማዶ ይታይብሃል። የኛ ጸጉር ግን ምሥጢር ይጠብቃል።»

«ስለት እኮ ነው።»

«ቅዳሜ ይላጭ የለ? ዘጠኝ ጓል ቀድሞ ሄደ፤ በቃ። ወሊዩ ሜትር ይዞ አይመጣ።»

ኢምቱ መልስ ሳይጠብቅ ሮጦ ሄዶ የራሱ እናት ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ የምታስቀምጠውን ትልቁን መቀስ ይዞ መጣ። ዙሊ ከፊታቸው ተቀምጣ ጋቲያ ትቆረጥማለች። እግሯን እያወዛወዘች ነው። ማጅራቷን እንደ በግ ሰጥታቸዋለች።

ሳቢር ጋቲያ አንስቶ በላ። ሌላም በላ። ከዚያ መቀሱን ተቀበለና ዳር ላይ ያለውን ጓል ይዞ ቆረጠ።

«ምንድን ነው?» አለች ዙሊ።

«ምኑ?»

«ቀጭ ያለው።»

«ፌንጣ ነው።»

«ትልቅ ፌንጣ?»

«በጣም።»

ዙሊ አመነችና ወደ ጋቲያዋ ተመለሰች። ጓሉ መዳፉ ላይ ቀረ፤ ሎሚ እንኳ አያህልም። ከላዩ የተንጠለጠለው ጸጉር ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ገባ። ኢምቱ እንዳለው የተቆረጠበት ቦታ አልታወቀም። ጎረቤት ጸጉሮች ዝም ብለው ሸፈኑት።

«አላልኩህም? ስምንት ይቀራል። ቶሎ በል» አለ ኢምቱ።

ሳቢር ግን ጓሉን ያይ ነበር። ሳያስበው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ያሸው ጀመር። ጣቱ በጋቲያው ዘይት ርሷል። አንዲት ጸጉር ከዳር ሸርተት ብላ ወጣች። ሌላ ተከተለቻት። ጭጎጎቱ ጠብ ብሎ ወደቀ። ከዚያ ጓሉ ሁሉ እንደ ተኛ ድመት ተዘረጋ፤ መዳፉ ላይ የቀረችው አንዲት ጥርት ያለች፣ የተጠቀለለች፣ ምንም ያልነካት የምትመስል ቁንዳላ ነበረች።

«ይፈታል» አለ ሳቢር።

«ምኑ?»

«ይፈታል ነው የምልህ! ዘይት ብቻ ነበር የሚፈልገው። እየው!»

ኢምቱ አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር አጣ። መቀሱን ከሳቢር እጅ ቀስ ብሎ ወሰደና ተነስቶ የሱሪውን አቧራ አራገፈ፤ ከዚያ «እኔ ምንም አላየሁም» ብሎ በአጥሩ ዘለለ። ሳቢር ቁንዳላዋን ከጋዜጣው ቁራጭ ቀድዶ ጠቀለላትና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት።

የኮኮናት ዘይት ያለው ፎይ ሃኒፋ ቤት ነው። ፎይ ሃኒፋ የአባቱ እህት ናት፤ ቤቷ ከጎን ነው፤ ጆሮዋ ግን መንደሩን ሁሉ ያዳርሳል። ሬድዮ የሌላቸው ሰዎች በሯ ላይ ይቀመጣሉ ይባላል። ሳቢር ወደ እሷ መሄድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በሦስተኛው ገባ።

«ዘይት? ምን ያህል?»

«ጠርሙሱን።»

«እህትህን ልትጠብሳት ነው?»

«ፎይ፣ ነይና እይ በቃ።»

መጣች። አየች። ዝም አለች። ፎይ ሃኒፋ በሕይወቷ ሁለት ጊዜ ብቻ ዝም ብላለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰው ሞቶ ነበር።

«ሞቅ ያለ ውሃ አምጣ» አለች በመጨረሻ። «ያን ሚዶ የምትለውን ቅማል ማሳደጃ ደግሞ ጣለው። ግማሹ የት አለ?»

«እዚያ ውስጥ።»

«ያ አላህ!»

ጸጉሩን በውሃ አራሰችው፣ ዘይቱን አፈሰሰችበት፣ በጣቷ መሃል ለመሃል እየከፈለች ስድስት ቦታ አሰረችው። አምስቱን ትታ አንዱን ብቻ ፈታችና «ጀምር» አለችው። ሳቢር ከሥሩ ጀመረ። እጁን መታችው።

«ከጫፉ! ከሥሩ ከጀመርክ ቋጠሮውን ሁሉ እየነዳህ ታች ታከማቸዋለህ። ከጫፉ አንድ ጣት ፍታ፣ ከዚያ አንድ ጣት ከፍ በል፣ እንደገና ፍታ። በዚህኛው እጅህ ደግሞ ከቋጠሮው በላይ ጥብቅ አድርገህ ያዝ፤ ስትስብ ራሷን እንዳያማት። አየህ፣ እጅህ ይመመው እንጂ እሷ ምን በወጣት?»

«እንደሱ ነው! እማዬ እንደሱ ነው የምታደርገው!» አለች ዙሊ።

«አንቺ ዝም በይ። ለአሥራ ሁለት ቀን አፍ የለሽም ነበር?»

«የዘይቱን ፍሬ ይሰጠኝ ነበራ። ከዛፉ ጫፍ ያለውን።»

ፎይ ሃኒፋ ሳቢርን ገረመመችው። ሳቢር ወደ ሥራው አቀረቀረ።

ሥራው ሥራ ነበር። ጣቱ ተጨማደደ፣ ጀርባው ተቆለመመ፣ ፍየሎቹ ከግጦሽ ሲመለሱ ገና አራተኛው ጓል ላይ ነው። ከውስጡ ላባው ወጣ፤ ቅጠሉ ወጣ፤ የሚዶው ግማሽ ወጣ፤ አንድ የሸሚዝ ቁልፍና ሠላሳ አንድ ጭጎጎት ወጣ። ጉንዳኗም በራሷ ጊዜ ሄደች። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ዙሊ ራሷን ጉልበቱ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። የሚያመው ሰው አይተኛም። ሳቢር ይህን አስተውሎ በሆዱ ትንሽ ደስ አለው።

ፎይ ሃኒፋ ለማጣራት ጣቷን በዙሊ ማጅራት ሁሉ አሳለፈች። የተቆረጠው ቦታ ጋ ደረሰች። ሳቢር ደረት ኪሱን በመዳፉ ሸፈነ። ጣቷ አለፈ።

«እንግዲህ ስማኝ» አለች ዘይቱን ከእጇ እየጠረገች። «እናትህ ብትጠይቀኝ አሥራ ሁለት ቀን እንዳሾፍክባት አልነግራትም። ወሬኛ ነች ስትሉኝ የማልሰማ እንዳይመስላችሁ። ግን ጸጉሩ ሙሉ ነው፣ መቀስ አልነካውም፤ የተሳለችው ይሄን ነው። ሌላው ወሬ ነው።»

ሳቢር «እሺ ፎይ» አለ። ደረት ኪሱ ውስጥ ያለችው የጋዜጣ ቁራጭ የብረት ያህል ከበደችው።

ማክሰኞ ራሱ ዘይት ቀባት። ረቡዕ ራሱ ጎነጎናት። ጉንጉኑ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ሆኖ ዙሊ «አንደኛው እናት አንደኛው ልጅ ነው» ብላ ስም አወጣችላቸው። ከበሮው ላይ ሲቀመጥ ግን እጁ ምቱን ይስታል። ትልልቆቹ ልጆች «ምን ሆነሃል? ትናንት እኮ ደህና ነበርክ» አሉት። ቁንዳላዋን መጀመሪያ ትራሱ ሥር አደረጋት፤ ከዚያ ጣሪያው ሽንቁር ውስጥ፤ ከዚያ መልሶ ኪሱ ውስጥ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወንዝ ወረደ። ኢምቱም ተከተለው።

«ጣላት ይልቅ። ዓሣ ይበላታል፣ ነገሩ ያልቃል» አለ ኢምቱ።

«ዓሣ ጸጉር ይበላል?»

«የኛ ወንዝ ዓሣ ጎማ ሲበላ አይቻለሁ።»

ሳቢር ጋዜጣውን ፈታና ቁንዳላዋን ወደ ውሃው ዘረጋት። እናቱ ስድስት ዓመት በየዓርቡ፣ ዙሊን በጉልበቶቿ መሃል አስቀምጣ፣ ይህችንም ቁንዳላ ፈትታታለች፣ ቀብታታለች፣ ጎንጉናታለች። ሲያስበው ሦስት መቶ ዓርብ ይሆናል። እሱ ሁለት ዓርብ ዘለለ። መልሶ ጠቀለላት።

«ፋራ ነህ» አለ ኢምቱ። «ማንም አያውቅም እኮ! አንተና እኔ ነን የምናውቀው። እኔ ደግሞ አላየሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«እሷ ነገ ስትመጣ ጎበዝ ትለኛለች። ያ ነው የከበደኝ።»

ኢምቱ ይህን ለመረዳት ጥቂት ሞከረ። ከዚያ ተወውና ድንጋይ አንስቶ ውሃ ላይ አንሸራተተ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማንጎ አሻጊዎቹን የጫነችው ባለሦስት ጎማ ሞተር እያጓራች ገባች። አሥራ አራት ሴቶችና አሥራ አራት የማንጎ ሳጥን አንድ ላይ ተደራርበው ከሩቅ የሚንቀሳቀስ ገበያ ይመስሉ ነበር። እናቱ ከመሃል ዘላ ወረደች። ዙሊ ሮጣ ወገቧ ላይ ተጠመጠመች። እናቷ መጀመሪያ ያደረገችው ጸጉሯን መንካት ነው። ጉንጉኑን ፈታችው፤ ከጫፉ አንዲት ቁንዳላ ስባ ለቀቀቻት፤ አሸተተችው።

«አያችሁልኝ?» አለች ወደ ሴቶቹ ዞራ። «የአሥራ አራት ዓመት ወንድ ልጅ! የናንተ ባሎች ይሄን ይሠራሉ?»

«የኔማ የራሱንም አያበጥር» አለች አንዷ። ሁሉም ሳቁ።

«ጎበዝ፣ የኔ አንበሳ» አለችው እናቱ።

ኢምቱ ከሞተሯ ጀርባ ሆኖ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም በል ይለዋል።

«እማዬ፣ አላበጠርኳትም» አለ ሳቢር። «አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አልነካኋትም። ከዚያ ጭጎጎት ገባበትና ጓል ሠራ። አንዱን በመቀስ ቆረጥኩት።»

እናቱ አየችው። ከዚያ ከት ብላ ሳቀች።

«ማንኪያውንስ? ማንኪያውን የት አደረስከው?»

«ሹካውም ወጥቷል ወይ?» አለች ሌላዋ ሴት። ስልኩ ላይ ከሰሙት አንዷ ናት። ሁሉም እንደገና ሳቁ። አንዲቱማ ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ ዕንባዋን ጠረገች። «ይሄ ልጅ ቅዳሜ ከበሮውን ትቶ ተረት ቢያወራ ይሻለዋል!»

ነገሩ አለቀ ማለት ይቻል ነበር። እውነቱን ተናግሯል፤ አላመኑትም፤ ከዚህ በኋላ የሱ ጥፋት አይደለም። ኢምቱ ከሞተሯ ጀርባ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ያመሰግናል። ሳቢርም ራሱ ለአፍታ ሳቅ ቃጣው። አብሯቸው ቢስቅ እንደ ሌላው ተረቱ ሁሉ ይሄም ተረት ሆኖ ይቀራል።

አልሳቀም። ኪሱ ውስጥ ገብቶ ጋዜጣውን አወጣና ለእናቱ ሰጣት።

እናቱ እየሳቀች ፈታችው። ቁንዳላዋን አወጣች። ሳበቻት፤ ለቀቀቻት። ጫፏን ወደ ብርሃኑ ያዘች። መቀስ አይቶ የማያውቅ ጸጉር ጫፉ ቀጭን ነው፤ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። የዚህችም አንደኛው ጫፍ እንደዚያ ነበር። ሌላኛው ጫፏ ግን ቀጥ ብሎ ተቆርጧል።

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ማን ነው የቆረጠው?»

«እኔ።»

ተጠይቆ እንኳ ጥፋቱን አምኖ የማያውቀው ኢምቱ ከሞተሯ ጀርባ ወጣና «መቀሱ የእናቴ ነው» አለ። ብሎም ሮጠ።

ዙሊ ተንጠራርታ የእናቷን እጅ አየች። «ፌንጣው ነው?» አለች።

«ፌንጣ አልነበረም» አላት ሳቢር። «እኔ ነበርኩ።»

እናቱ ቁንዳላዋን ጋዜጣው ውስጥ መልሳ አጠፈችና ጡቷ መሃል ከተተችው። የማንጎውን ሳጥን አንስታ ራሷ ላይ አደረገች። በዚያ ቀን ሌላ ቃል አልተናገረችውም። ማታ ከፎይ ሃኒፋ ጋር ስታወራ ግን ግድግዳው ቀጭን ነውና ሰማ። ፎይ ሃኒፋ መጀመሪያ ጮኸች፤ ቀጥላ ማንም አላየም፣ ቅዳሜ ላጭተን እንገላገል አለች። እናቱ «እኔ አየሁ» አለች። የወሊዩ መቃብር ጠባቂ የሆኑት ሽማግሌ ሲሰሙ ስለቱን ተቀብለናል ይሉ እንደሆነ፣ ወይም ሌላ ስድስት ዓመት ይደግ ይሉ እንደሆነ አታውቅም። ሄዳ መንገር እንዳለባት ብቻ ታውቃለች። ምን ብላ እንደምትነግራቸው ግን አላወቀችም።

ሳቢር ነጭ ሸሚዙን ለቅዳሜ ሚስማር ላይ ሰቅሎት ነበር። ተኝቶ እሱን ሲያይ ቆየ።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ሲነቃ እናቱ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ዙሊ በጉልበቶቿ መሃል ናት፤ ጸጉሯ ታጥቦ ይንጠባጠባል። ሰፊ ጥርስ ያለው የእንጨት ሚዶና የኮኮናት ዘይቱ ከጎኗ አሉ። ሳቢር ከጓሮ የውሃ ባልዲውን ሞልቶ አመጣና አስቀመጠ። እናቱ ቀና አላለችም።

«ነገ ለሽማግሌው እኔ ነኝ የምነግራቸው» አለ። «እንዴት እንደሆነ ሁሉንም። አንቺ ቁሚና ስሚኝ ብቻ።»

እናቱ ሚዶውን በዘይት ነከረችው።

«ሰው ይኖራል» አለች። «ከበሮ መቺዎቹ ሁሉ እዚያ ናቸው። አባትህም።»

«አውቃለሁ።»

ዙሊ እንኳ ዝም አለች፤ ይህ ከፎይ ሃኒፋ ዝምታ ያልተናነሰ ነገር ነው። ከዚያ እናቱ በሚዶው ጫፍ ከዙሊ ግንባር እስከ ማጅራቷ ቀጥ ያለ መስመር አወጣችና ጸጉሩን ለሁለት ከፈለችው። የቀኙን ለራሷ ያዘች። የግራውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው፤ ደረጃው ላይም ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

ሳቢር ተቀመጠ። ዘይቱን መዳፉ ላይ አፈሰሰና ከጫፉ ጀመረ።